የቀዩ ካሴት ጀርባ

ሰዓዳ የቀዩ ካሴት ጀርባ የለም ብላ ፈርዳብኛለች። ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ። የነጎድጓድ ባንድ የመጀመሪያ ካሴት፣ ሽፋኑ ቀይ የሆነው፣ ፊቱ ላይ አምስት ዘፈን አለው፤ ጀርባው ላይም አምስት ዘፈን አለው። አሥር ነው። እሷ አሥራ አንድ ሴት በተቀመጠበት አምስት ነው አለች፤ ሰውም አመናት። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እስከ አሥር መቁጠር ግን አያቅተኝም።

ሰዓዳ አሁን ሪያድ የለችም። ሆኖም መንሱራ ሰፈር በሚገኘው ክፍላችን ስሟ ሳይነሳ የሚያልፍ ዓርብ የለም። አይተዋት የማያውቁ አዲስ ልጆች ሳይቀሩ «ሰዓዳ ብትኖር እንዲህ ትል ነበር» ይላሉ። «ሩቅያ ብትኖር» የሚል የለም፤ እኔ አለሁ፣ እዚያው መካከላቸው ተቀምጫለሁ። ይህም ያናድደኛል። ስለ እሷ የምጽፈው ስለምወዳት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የምሠራው እዚያው ሪያድ፣ ዑረይጃ ሰፈር ነው። እግሯን የሚያማት አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ። ዓርብ ዓርብ ልጇ እናቷን ልታይ ስለምትመጣ እኔ እለቀቃለሁ። የልጇ ሹፌር ከጁምዓ ሶላት በኋላ መንሱራ ያወርደኛል፤ መግሪብ ሲቃረብ መጥቶ ይወስደኛል። መንሱራ የከድጃ ክፍል አለ። ከድጃ የሐይቅ ልጅ ናት፤ በሰዓት እየተቀጠረች ቤት ለቤት ታጸዳለች። ክፍሏ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ስለሆነ ወለሉ ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል። ዓርብ ዕረፍት ያላት ሁሉ ወደዚያ ትመጣለች። ጫማ በር ላይ፣ ዓባያ ሚስማር ላይ፣ ከዚያ ወሬ።

ክርክሩ የተጀመረው ምሕረት በተባለበት ዓመት ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የሌለው ሰው ሳይቀጣ ወደ አገሩ ይግባ ተብሎ ክፍሉ በስንብት ተሞልቶ ነበር። አንዷ ተሰናባች ሻንጣዋን እያሰረች ከስልኳ የነጎድጓድን ዘፈን ከፈተች። ከድጃ ሻይ እየቀዳች፣ «ሰማያዊው ላይ ያለው ይሻላል» አለች።

«አፍሽን ተጉመጥመጪ!» አልኳት።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ለማያውቅ ሰው ነጎድጓድ ማለት አምስት የደሴ ልጆች ናቸው። ኤሌክትሪክ ጊታር ሲያስጮኹ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ጊዜ በእኛ አገር እንዲህ የሚጫወት አልነበረም። ሦስት ካሴት አውጥተው ተበተኑ። እኛ ካሴቶቹን የምንጠራቸው በሽፋናቸው ቀለም ነው። ቀዩ ደሴ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ቀን የተቀዳ ነው፤ ዘፋኙ ሲያስል ይሰማል፣ አንዱ ጊታር ክሩ ላልቶ ያዛባል፤ ግን ሰዎቹ አጠገብህ የቆሙ ይመስልሃል። ሰማያዊው አዲስ አበባ ስቱዲዮ የተሠራ ነው፤ ሳክስፎን ገብቶበታል፣ ድምፁም እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው። ጥቁሩ የመጨረሻቸው ነው። ከበሮ መቺው ከተለያቸው በኋላ በማሽን ከበሮ የሠሩት ስለሆነ ሆድ ያስብሳል።

እኔ የቀዩ ነኝ። ነጎድጓዶችን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ነው ያየኋቸው። ጊታር መቺው ግራኝ ነበር፤ ጊታሩን ገልብጦ ነው የሚይዘው። ይህን ስናገር ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ይሰማ ነበር። ሰዓዳ ከመምጣቷ በፊት ማለቴ ነው።

የክርክሩን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ዘፈን ያሰማል። ዘፈን ሲሰማ ማንም አያወራም። በክፍሉ ውስጥ ያልተሰማ ዘፈን አይዳኝም። የተሸነፈ ወገን ዕቃ ያጥባል። ዳኛዋም እኔ ነበርኩ። የቀዩ ሆኜ ሳለ ስንት ጊዜ በቀዩ ላይ ፈርጃለሁ! በገዛ ፍርዴ ተሸንፌ እጅጌዬን ሰብስቤ ብርጭቆ ያጠብኩበት ቀን አለ። ከድጃን ጠይቋት።

ሰዓዳን ያመጣቻት ብርቱካን ናት። ብርቱካን የጎንደር ልጅ ናት፣ ክርስቲያን፣ የጥቁሩ ካሴት ወዳጅ። ጊዜው ሴቶች መኪና መንዳት የተፈቀደላቸው ሰሞን ነበር። ሰዓዳ ሙረባዕ ሰፈር አንድ ቤት ትሠራ ነበር፤ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ረዥም፣ የፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ያላት። ዓባያዋን እንኳ ሳታወልቅ ከቦርሳዋ ትንሽ ስፒከር አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ስልኳ ውስጥ ሦስቱም ካሴቶች በየተራቸው ተደርድረዋል። ወንድሟ ኮምቦልቻ ሙዚቃ ቤት ስለነበረው ከካሴት ወደ ስልክ የቀዳላት እሱ ነው። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ እየተቆራረጠ የሚመጣውን ከኢንተርኔት እየለቃቀምን ነበር የምንሰማው።

ዘፈን ሲጀመር አንድ ዓይኗን ትጨፍንና መዳፏን ወለሉ ላይ ትዘረጋለች። ከበሮውን በእጇ ነው የምትሰማው። «ዘፈኑን ስሙት፣ እኔን አትዩኝ» ትላለች። የሚታየው ግን እሷ ናት። እኔም እሷኑ ነበር የማየው።

የመጀመሪያውን ቀን አስታውሳለሁ። ጥቁሩና ሰማያዊው ነበሩ የተከራከሩት፤ ሰዓዳ የሰማያዊው ወገን ናት።

«እህቴ፣ የአንቺ ሰማያዊ እኮ የሰርግ ሙዚቃ ነው» አለቻት ብርቱካን። «ሳክስፎን፣ ሽቶ፣ አበባ። ሰው የሚያለቅስበት ዘፈን ነው ዘፈን ማለት።»

«ወላሂ? ሰርግ ላይ የሚያለቅስ የለም?»

«ማን ያለቅሳል? እናቴ ብቻ ናት ያለቀሰች፣ ያውም በራሷ ሰርግ።»

«በይ እንግዲህ» አለች ሰዓዳ፣ «እናትሽ የእኛ ወገን ናት። ደውለሽ ንገሪያት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ብርቱካን ራሷ ግድግዳ ተደግፋ ትስቃለች። ዳኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ፍርዱ ግን እኔ አፌን ሳልከፍት አለቀ።

ሁለት ወር አልሞላም፣ ከድጃ «እማ ሩቅያ፣ አንቱ ሳምንቱን ሙሉ ሲደክሙ ነው የሚከርሙት፤ ዛሬ ሰዓዳ ትፍረድ» አለችኝ። አልደከመኝም ነበር። ግን «ትፍረድ» አልኩ። ዳኝነቱ ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ አልተመለሰም። ከኤሲው ሥር ያለችው ትራስ የእኔ ነበረች፤ የእሷ ሆነች። የመጀመሪያው ሻይ ለእኔ ነበር የሚቀዳው፤ ለእሷ ሆነ። ከአሮጊቷ ቤት ጥሩውን ተምር በፌስታል ይዤ እመጣለሁ፤ ሰዓዳ ባዶ እጇን ትመጣለች፣ ተምሬንም ዙሪያዋን ከበው ይበሉታል። ምቀኝነት ነው ካላችሁ አዎ፣ ምቀኝነት ነው።

ጠልቻት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አንድ ጊዜ የብርቱካን መዳም ስልኳን ነጠቀቻት፤ ዓርብም እንዳትወጣ ከለከለቻት። ሰዓዳ የቤቱን የመስመር ስልክ ቁጥር ከከድጃ ተቀብላ እኛ ሁላችን እየሰማን በከድጃ ስልክ ደወለች። በሪያድ ሰው ዓረብኛ፣ «ከልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ስለ መጋረጃው ሠራተኛችሁን አቅርቡልኝ» አለች። ብርቱካን ስትቀርብ ሰዓዳ ስፒከሩን ወደ ስልኩ አስጠግታ ከጥቁሩ ካሴት ብርቱካን የምትወደውን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማቻት። መዳሟ አጠገቧ ቆማ ነበርና ብርቱካን መናገር አልቻለችም። «ነዓም» ትላለች። ደግሞ «ነዓም»፣ አዎ አዎ ብቻ። በኋላ ድምጿ ሲቆራረጥ ሰማን፤ እያለቀሰች «ነዓም» ትላለች። መዳሟ ስለ መጋረጃ የሚለቀስበት ምን ነገር አለ ብላ ይሆን?

ሰዓዳ ስልኩን ዘግታ ወደ እኛ ዞረች። «ይሄ ዘፈን ግን አሁንም አይረባም» አለች።

እኔ ብሆን ኖሮ ያን ቀን ቀዩን ነበር የማሰማት። ይህን ስለማውቅ ነው የቀናሁባት።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ። ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ክረምት፣ አንድ ዓርብ፣ ቀዩ ከሰማያዊው ጋር ገጠመ። የቀዩ ጠበቃ እኔ ነኝ፣ ዳኛዋ ሰዓዳ ናት። የሰማያዊው ወዳጅ ሰማያዊውን ትዳኛለች ብዬ አልተቃወምኩም፤ እኔም እንደዚያ ስዳኝ ነበርና። ሁለት ዘፈን አሰማሁ። ለሦስተኛው «ከጀርባው ሦስተኛውን ክፈቺልኝ» አልኳት።

«የምን ጀርባ?»

«የካሴቱ ጀርባ ነዋ። የዝናቡ ዘፈን።»

ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። «አምስት ነው እማ ሩቅያ። ይዩት፣ አምስት።»

«አሥር ነው ልጄ። ወንድምሽ ሲቀዳ ካሴቱን ሳያዞረው ቀርቶ ይሆናል።»

ፊቷ ተለወጠ። «ወንድሜ ሥራውን ያውቃል።»

«ሥራውን ያውቃል፤ ካሴቱን ግን አላዞረም።»

«ኡኡቴ!» አለች ብርቱካን ከወዲያ።

እኔም ተነስቼ ዘፈንኩት። ዝናብ ሲዘንብ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ሰው ዘፈን ነው። ድምፄ ያረጀ ነው፣ አውቃለሁ። ቃሉን ብቻ አይደለም የዘፈንኩት፤ ጊታሩንም በአፌ ተጫወትኩት፣ ከበሮውንም ጭኔን እየመታሁ። የሳቀ አልነበረም። ከድጃ የሻይ ጀበናውን አንስታ ሳትቀዳ ቀርታለች። ስጨርስ ሰዓዳን አየኋት። ሁለቱም ዓይኖቿ ተከፍተዋል። እጇን ከወለሉ አንስታ ጉያዋ ውስጥ ከታዋለች።

«የነጎድጓድ አይደለም» አለች።

«ምን?»

«ሌላ ሰው የዘፈነው ነው፤ ተምታቶብዎት ነው። እዚህ ያልተሰማ ዘፈን አይዳኝም፣ ሕጉ የአንቱ ነው። ቀዩ አምስት ዘፈን ነው፣ ጀርባ የለውም። ኸላስ፣ ተፈርዷል።»

ዕቃውን አጠብኩ። አንድ ብርጭቆ ተሰበረ፤ ከእጄ አመለጠኝ አልኩ። አላመለጠኝም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰዓዳም ያሰበችው አይመስለኝም። የልጅ ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ ብዬ ስናገር ብርቱካን «እማ ሩቅያ፣ ይሄስ ጀርባው ላይ ነው?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ደሴ ባለው ቤቴ ኮኩ አፈራ ስል፣ «ጀርባው ላይ ነው?» አሮጊቷ ትናንት ብቻዋን ቆመች ስል፣ «ጀርባው ላይ?» ነጎድጓድን አይቻለሁ ማለትማ ተውኩት። በፍቅር እንደሚቀልዱ አውቃለሁ። ግን እኔ እዚህ አገር ሆኜ ቤቴን ማሳየት አልችልም፣ ልጆቼን ማሳየት አልችልም። ያለኝ ንግግሬ ነው። ንግግሬ ካልታመነ ደሴም የለች፣ ልጆቼም የሉ፣ እኔም የአሮጊቷን እግር የማሽ አንዲት ሴት ብቻ ነኝ።

ደሴ ላለችው ልጄ ደወልኩ። «ያ ቀይ ካሴት ከሳጥኑ ውስጥ አለ?» አልኳት።

«እማዬ ደግሞ፣ ካሴት ብለሽ ነው የደወልሽው? አጎቴ ወሰደው እኮ።»

«ምን ያደርግለታል? ማጫወቻ የለው።»

«ክሩን መዞ ማሽላው ላይ ዘረጋው። ነፋስ ሲመታው ይጮሃል፣ ወፍ ያባርራል።»

ማስረጃዬ ወፍ ሲያባርር ከርሞ አልቋል ማለት ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ክፍሉም ተዘጋ። ክርክሩ በስልክ ሆነ፤ እያንዳንዷ በየቤቱ ልብስ እየተኮሰች፣ ዕቃ እያጠበች ድምፅ ትልካለች። እኔ አንድም አልላክሁም። አንድ ቀን ግን ለሰዓዳ ብቻዋን ደወልኩላት።

«ሰዓዳ፣ ለአላህ ብለሽ፣ ያን ዘፈን በእውነት አታውቂውም?»

«እማ ሩቅያ! ደህና ነዎት? አሮጊቷስ? እንዳይወጡ፣ በሽታው ለትልቅ ሰው መጥፎ ነው።»

«የጠየቅሁሽን መልሺ።»

«ኢንሻአላህ ስንገናኝ እናወራለን» ብላ ዘጋችው።

እንደገና ስንሰባሰብ እሷ ዓርብ ዓርብ ዓይኔን ትሸሻለች፣ እኔ አልጠይቃትም። በሰው ፊት የተፈረደ በሰው ፊት ነው የሚነሳ ብዬ ነበር የምጠብቀው። በቀጣዩ ዓመት ከአሠሪዎቿ ጋር ተጣልታ ወጣች፤ ኢቃማዋም ሳይታደስ ቀረ። አንድ ጠዋት ከበጣሃ ገበያ አትክልት ገዝታ ስትመለስ ፖሊሶች ያዟት። ከተርሂል፣ ወደ አገር የሚባረሩት ከሚታሰሩበት፣ በሰው ስልክ ለከድጃ ደወለች፤ ልብስ ላኩልኝ አለች።

ከድጃ እያለቀሰች ስትነግረኝ መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው ከኤሲው ሥር ያለችው ትራስ ናት። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ የሌላውን ጽፌ የራሴን ብደብቅ ፍርድ አይደለም። ዑረይጃ ገብቼ መኝታዬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ያፈርኩት። አሮጊቷ ለዒድ የገዛችልኝ አዲስ ጫማ ነበረኝ። እሱንና አንድ ዓባያ በሹፌሩ እጅ ለከድጃ ላክሁ። «ከእኔ መሆኑን እንዳትነግሪያት» አልኳት። ሰዓዳ በዚያ ጫማ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ በሦስተኛው ሳምንት ወደ አገሯ ተሳፈረች።

ዳኝነቱ ተመለሰልኝ። «እሺ፣ እማ ሩቅያ ይፍረዱ» አለች ብርቱካን። ትራሷም ሻዩም ወደ እኔ መጡ። ግን ሴቶቹ ዘፈን እያሰሙ መሐል ላይ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። እፈርዳለሁ፤ «እሺ» ይላሉ። የሚቃወመኝ የለም። ሰው ጉዳዬ ብሎ የማይከራከርበት ዳኝነት ምን ያደርግልኛል? ባይገርማችሁ፣ ሰዓዳ ተመልሳ መጥታ እንደገና ብትቀማኝ ብዬ ያሰብኩበት ቀን ነበር።

ዘንድሮ ከረመዳን በኋላ በነበረው ዓርብ፣ ክፍሉ ውስጥ እንዳለን ስልኬ ጮኸ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው፤ አላውቀውም። አምስት ዘፈን ተከታትሎ ገባ። ሰላምታ የለው፣ ጽሑፍ የለው። መነጽሬን እየፈለግሁ ሳለሁ ብርቱካን ከእጄ ወስዳ ሦስተኛውን ከፈተችው።

ዘፋኙ ሲያስል ተሰማ። ከዚያ ያ ጊታር። ከዚያ የዝናቡ ዘፈን።

ማንም አላወራም። ብርቱካን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ዘፈኑ ሲያልቅ መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። «እማ ሩቅያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «የልጅ ልጅዎም አንደኛ ነው የወጣው።»

«አንደኛ ነው» አልኳት። «ኮኩም አፍርቷል።»

አምስቱንም ሰማን። ከድጃ ቁጥሩን ከራሷ ስልክ ጋር አስተያይታ የሰዓዳ አዲሱ ቁጥር መሆኑን ነገረችኝ። ያኔ ስልኩን አፌ አጠገብ አድርጌ የድምፅ መልእክት ላክሁ። «ሰዓዳ፣ ሩቅያ ነኝ። ዘፈኖቹ ደርሰውኛል። እነዚህ ከመቼ ጀምሮ ነበሩሽ? ለምንስ የለም ብለሽ ፈረድሽብኝ? እዚህ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ በሰው ፊት መልሺልኝ።»

ጠበቅን። ከድጃ ሻይ ቀዳች፣ ቀዘቀዘ። ሹፌሩ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው መልሱ ገባ፤ ከፍ አድርገን ከፈትነው። ድምፁ የሰዓዳ ነው፤ ቀልድ ግን የለበትም።

«አሰላሙ ዓለይኩም እማ ሩቅያ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረኝ። ወንድሜ ካሴቱን አዙሮታል፤ ጀርባውን ለይቼ የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ከተሰማ ሰማያዊው እንደማያሸንፍ ስለማውቅ። ያን ቀን ሲዘፍኑ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ክፍሉ ጸጥ ሲል አየሁት። እኔ ስናገር ይስቃሉ እንጂ እንደዚያ ጸጥ ብለው አያውቁም። ቀንቼብዎት ነው። አንቱ ነጎድጓድን በዓይንዎ አይተዋል፣ ቤት አልዎት፣ ልጆች አልዎት። እኔ የነበረኝ የዓርብ ዳኝነት ብቻ ነበር።»